ከመጨረሻው ወንበር የሚታየው ሰሌዳ

ፍሮምሳ አመዩ መምህራን ሲያስተምሩ ለማየት ክፍል በገባ ቁጥር ትምህርቱ ይቆማል። መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጣል፤ ተማሪዎቹ ብድግ ይላሉ፤ አንዱ ሮጦ ከጎረቤት ክፍል ደህና ወንበር ያመጣል። ከዚያ መምህሩ ጎንበስ ብሎ፣ «የጥራት ቢሮ ኃላፊያችን ኦቦ ፍሮምሳ ናቸው። እስኪ ሁለት ቃል ይበሉልን» ይላል። ፍሮምሳ ሁለት ቃል ይላል። ይጨበጨባል። በቀረው ሰዓት መምህሩ ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ የሚያምርለትን መርጦ ለእንግዳው ያቀርባል። ፍሮምሳ ወደ ቢሮው ሲመለስ ያየው መስተንግዶ እንጂ ትምህርት እንዳልሆነ ያውቃል። ግን በማን ይፈረዳል? ሰው ሲመጣ መነሳትን፣ ወንበር መልቀቅን እሱም በተወለደባት በሸነን ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረው ነው።

ዩኒቨርሲቲው ከጉደር ከተማ ወጣ ብሎ ነው። አምቦ ካለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ለመለየት ሰው ሁሉ «ትንሹ» ይለዋል፤ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ። በ2007 ዓ.ም. የውስጥ ጥራት ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይቋቋም ሲባል ለኃላፊነቱ የተመረጠው የሒሳብ መምህሩ ፍሮምሳ ነበር፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረው የለም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አንድ ክፍል ሰጡት። ፈተና ለተማሪ ከመቅረቡ በፊት በሌላ መምህር እንዲታይ ያደርጋል፣ ኮርስ ሳይጋመስ ሴሚስተሩ እንዳያልቅ ይከታተላል፣ የላብራቶሪው ቧንቧ ውኃ እንዳለው በእጁ ከፍቶ ያያል። በየሴሚስተሩ መጨረሻ ደግሞ ተማሪዎች መምህራንን የሚመዝኑበትን ቅጽ ያስሞላል። ሥራውን ይወድደዋል። በዚያ ላይ አንድ የሒሳብ ኮርስ አልተወም፤ ከጠመኔ መለየት አልሆነለትም። በእሱ ክፍል ተማሪ ሁሉ የፊት ወንበር ለመያዝ ተሽቀዳድሞ ይገባል። ሒሳብ ይህን ያህል ሲወደድ ማየት የኩራቱ ሁሉ ኩራት ነበር፤ ለሰው ባይናገረውም።

የ2015 የመጀመሪያው ሴሚስተር የምዘና ውጤት ተጠናቅሮ የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከላይ ያለውን ስም አይቶ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ስሙ አልተለወጠም። ስልኩን አነሳ።

«ቶሌራ፣ አከም ቡልቴ?»

«ነጋ፣ ደህና አደርኩ። ወገቤ ዛሬ ይሻላል። አንተስ?»

«እንኳን ደስ አለህ። ከዩኒቨርሲቲው አንደኛ ወጥተሃል።»

«በምን?»

«በማስተማር።»

ቶሌራ የእጽዋት ሳይንስ መምህርና የፍሮምሳ የብዙ ዘመን ጓደኛ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ ወገቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ አዲስ አበባ እህቱ ቤት ተኝቶ ነው ያሳለፈው። ኮርሱም ወደ ሁለተኛው ሴሚስተር ተዛውሮለት ነበር። ዲፓርትመንቱ ግን ስሙን ከቅጹ ላይ ማውጣት ረስቷል።

«ፍሮምሳ፣ እኔ እኮ አንድ ቀን አላስተማርኩም።»

«እሱ ነው የሚገርመው። ‹ክፍለ ጊዜውን አክብሮ ይገኛል› በሚለው ላይ ከአምስት አምስት ሰጥተውሃል።»

«እውነታቸውን ነው፤ ከአልጋዬ ንቅንቅ አላልኩም።» ቶሌራ ሳቀ፤ ወዲያው ወገቡን ይዞት «ውይ!» አለ። «እንዲህ መሆኑን ባውቅ ድሮ በተኛሁ!»

ፍሮምሳም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ስልኩን ዘግቶ ዝርዝሩን ወደ ታች ሲወርድ ነው ሳቁ የቆመው። ከሁሉም መጨረሻ፣ ከሌሎቹ በጣም ርቃ፣ ሃዊ ኦሊቃ ተጽፋለች።

ሃዊ የአፈር ሳይንስ መምህርት ናት። ከመምህራኑ ሁሉ በዕድሜ ትንሿ፣ የሙከራ ጊዜዋንም ገና ያልጨረሰች ናት። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በሙከራ ላይ ያለ መምህር በተማሪዎች ምዘና ከግማሽ በታች ካገኘ በቋሚነት አይቀጠርም። ደንቡን ማን እንደጻፈው ፍሮምሳ መጠየቅ አላስፈለገውም። በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በዚሁ መነጽር፣ ራሱ ነው የጻፈው። በሚቀጥለው ሳምንት አካዳሚክ ኮሚሽኑ ሲሰበሰብ ውጤቱ ይቀርባል፤ ሃዊም ትሰናበታለች። ያላስተማረው አንደኛ፣ ያስተማረችው መጨረሻ። ‹ከዚህ ቅጽ ውስጥ አንድ ነገር ተጣምሟል› አለ በልቡ።

የሃዊን ክፍል ተማሪዎች ተጠሪ በተማሪዎች መዝናኛው በረንዳ አገኛት። ኡርጌ ትባላለች፤ የእጃጂ ልጅ ናት፤ ሻይዋን እየጠጣች ነበር። ስታየው ልትነሳ ስትል በእጁ ምልክት አስቀመጣት።

«ኡርጌ፣ ኦቦ ቶሌራ አስተምረዋችኋል?»

«አይ ጋሼ፣ ታመው ነበር እኮ።»

«ታዲያ አምስት አምስት የሞላችሁላቸው በምን አይታችሁ ነው?»

ኡርጌ ክፉ ነገር እንደተናገረ ሰው አየችው። «ታመዋል ሲባል ሰማን። በታመመ ሰው ላይ ዝቅ ያለ ይሞላል እንዴ?»

«ባዶውን መተውስ?»

«ባዶውን ከተውነውማ ረሳናቸው ማለት ነው። ተኝተው ያንን ቢሰሙ አያዝኑም?»

ፍሮምሳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ቲቸር ሃዊስ? ምን በድለዋችሁ ነው?»

«ቲቸር ሃዊ? ኧረ እሳቸውማ ለምነውን ነው!» አለች ኡርጌ። «ቅጹ የመጣ ቀን ፊታችን ቆመው፣ ‹ሁሉን ጥሩ ካላችሁኝ ምኑን ላስተካክል? ስለ ዋቃ፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ጉድለቴን ጻፉልኝ› አሉን። ሰው እንዲህ ለምኖ እንዴት እምቢ ይባላል? እንዲያውም አንዳንዱ ልጅ፣ ደስ ይበላቸው ብሎ ከላይ እስከ ታች አንድ አንድ ሞላላቸው።»

«ደስ ይበላቸው ብሎ።»

«አዎ ጋሼ። እሳቸው እኮ እንደ ሌላው አይደሉም። ዓርብ ዓርብ ትምህርቱ ሲያልቅ መጥተው እኛ ወንበር ላይ ቁጭ ይሉና፣ ‹ዛሬ ምኑ ጋ ነው ያጣችሁኝ?› ይሉናል።»

ፍሮምሳ ይህን ቃል ከዚህ በፊት የሰማው መሰለው። ግን መጀመሪያ የመጣበትን ጨረሰ። «ይህ ውጤት ከሥራ ሊያስወጣቸው እንደሚችል ታውቃላችሁ?»

የኡርጌ ብርጭቆ አፏ ሳይደርስ ቆመ። «እኛ?» አለች። «እኛ እናስወጣቸዋለን?» ከዚያ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች። «ጋሼ፣ ቅጹን መልሱልን! ሁሉንም ልጅ አሁኑኑ ጠርቼ አምስት አምስት አስሞላለሁ!»

«እሱን ነው የማልፈልገው» አለ ፍሮምሳ።

ወደ አምቦ በሚመለሰው የሠራተኞች አውቶቡስ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል እንደ ልማዱ ብቻውን ተቀመጠ። የጉደርን ድልድይ ሲያልፉ ዓይኑ ከወንዙ ላይ ነበር፤ በሐሳቡ ያያት ግን የልጅነት አስተማሪውን እትዬ ሸዋገነትን ነው። ሸነን፣ ስምንተኛ ክፍል፣ ዓርብ ከሰዓት። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ነጠላዋ ከትከሻዋ የሚንሸራተት ሴት ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ታስተምራቸውና ዓርብ ዓርብ ጠመኔውን ለአንዱ ልጅ ሰጥታ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ከእነሱ መሃል ትጠጋለች። «እስኪ አሁን ንገሩኝ፣ ምኑ ጋ ነው ያጣችሁኝ?» ቃሉ ያው ነው፤ አንድም አልጎደለ። በዚያ ወንበር ላይ ማንም ልጅ አይፈራትም ነበር። ስምንተኛን ጨርሶ ወደ አምቦ ሲሄድ የያዘው የምስክር ወረቀት ላይ ማኅተሙ የአምቦን የያኔ ስም «ሀገረ ሕይወት» ይል ነበር፤ መኪናው ላይ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ግን አምቦ እያለ ነበር የሚጠራት። ያኔ ልጅ ሆኖ ወረቀቱ የሚለውና ሰው የሚለው ለምን እንደሚለያይ ሲደንቀው ነበር። አሁን ጸጉሩ ሸብቶም ያው ጥያቄ ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

በማግስቱ ዲኑ ዘንድ ገባ። ዶክተር ዘሩባቤል አርባዎቹን የጀመረ፣ ረጅም፣ በሥራው ጥብቅ የሆነ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነው። ከጎንደር መጥቶ እዚህ ትዳር መሥርቷል፤ «ኦቦ» ብሎ ሲጠራ አሁንም ትንሽ ይጠነቀቃል። ነገሩን ሁሉ አዳመጠና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ።

«ኦቦ ፍሮምሳ፣ ደንቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«አዎ።»

«በስብሰባ ላይ ‹ለማንም ተብሎ አይታጠፍም› ያሉትም እርስዎ ነዎት።»

«ብያለሁ።»

«ልጅቷ የሸነን ናት ይባላል። እርስዎስ የት ተወለዱ?»

«ሸነን።»

ዘሩባቤል እጁን ዘረጋ፤ ከዚህ በኋላ ምን ልበልዎ ማለቱ ነው። ፍሮምሳ የፈራው ይህንኑ ነበር። ልጅቷን ከዚህ በፊት በሰላምታ እንጂ አያውቃትም፤ ግን ማን ያምነዋል?

«ለዚሁ ነው የመጣሁት፣ ዶክተር። የእኔን ምስክርነት አይውሰዱ። ዓርብ እርስዎ ራስዎ ገብተው ይዩ።»

«ገብቼ ምን አያለሁ? ወንበር ያመጡልኛል፣ ንግግር አደርጋለሁ፣ ይጨበጨባል።»

«እሷ ክፍል እንዲያ የሚሆን አይመስለኝም።»

ዘሩባቤል ብዕሩን መልሶ አነሳ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔስ ውጤት እንዴት ሆነ?» አለ።

«በጣም ጥሩ ነው። ከቶሌራ ቀጥሎ ነዎት።»

«ከቶሌራ... ከታመመው ቶሌራ?»

«ከእሱ።»

ዲኑ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም። «ከሌለ ሰው ቀጥሎ ሁለተኛ!» አለ። «ይሁን። ዓርብ እመጣለሁ።»

ዓርብ ሁለቱ አብረው ሲገቡ ክፍሉ ብድግ አለ። ሮብሳን የሚባል ደረቱ ሰፊ ተማሪ ወንበር ሊያመጣ ወደ በሩ ሲሮጥ ሃዊ አስቆመችው።

«ሮብሳን፣ ተቀመጥ። ዶክተር፣ ኦቦ ፍሮምሳ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ቦታ አለ፤ እኛ ጀምረናል።»

ዲኑ አንድ አፍታ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ረጃጅም እግሮቹን እየሰበሰበ ከመጨረሻው ረድፍ ተጠጋ። ጉልበቱ ከፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ጋር ተጋጨ። ሃዊ ወደ ሰሌዳው ስትዞር ጠመኔው እጇ ላይ ለሁለት ተሰበረ። ፍሮምሳ አየ፤ የፈራች ልጅ ናት፣ ደፋር የምትመስለው ለማስመሰል ጊዜ ስለሌላት ነው።

ትምህርቱ ስለ አሲዳማ አፈርና ስለ ኖራ ነበር። የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ማሳው ለምን ማዳበሪያ እየበላ እህል እንደሚነፍገው፣ ኖራ ሲበተንበት ደግሞ ምን እንደሚለወጥ አስረዳች። ፈጠን ትላለች። አንዳንዴ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አድርጋ ትናገራለች። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ጠመኔዋን አስቀመጠችና ከፊተኛው ረድፍ ከተማሪዎቹ መሃል ተቀመጠች።

«እሺ፣ ዛሬ ምኑ ጋ ነው ያጣችሁኝ?»

ተማሪዎቹ ዲኑን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ወሬው በሳምንቱ ውስጥ ሁሉም ጋ ደርሷል፤ ቲቸር ሃዊ በእኛ ምክንያት ልትባረር ነው የሚለው። ሮብሳን ተነሳ፤ ድምፁን ለዲኑ እንዲሰማ ከፍ አደረገ።

«ምንም አላጣንም ቲቸር። ሁሉም በጣም ግልጽ ነው!»

«በጣም ግልጽ ነው!» አሉ ከዚህም ከዚያም።

«ከቲቸር ሃዊ የሚበልጥ አስተማሪ የለም!»

አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ሃዊ አንገቷን ደፋች። ዘሩባቤል ወደ ፍሮምሳ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «አይጨበጨብም ብለውኝ ነበር» አለ። እነዚህ ልጆች በደግነታቸው ባለፈው የሃዊን አንገት ለገመድ ሰጡ፤ ዛሬ ደግሞ በደግነታቸው ገመዱን እየጎተቱት ነው። የፍሮምሳ ዓይን ኡርጌን ፈለገ። ኡርጌ አላጨበጨበችም። እሱን ሳይሆን የሃዊን የተደፋ አንገት እያየች ነበር።

ብድግ አለች። «ግልጽ አይደለም።»

ጭብጨባው ቆመ።

«ኡርጌ!» አለ ሮብሳን በሹክሹክታ፤ «አበድሽ?»

«ግልጽ አይደለም አልኩ! ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኖራው አንዴ ከተበተነ ስንት ክረምት እንደሚያገለግል አልነገሩንም። አባቴ እጃጂ ላይ አንድ ጊዜ በትኖ፣ በቃ አፈሩን አዳንኩት ብሎ ቁጭ ብሏል። ልክ ነው? ልክ አይደለም? ደግሞ አንዳንዴ የሚናገሩት ወደ ሰሌዳው ዞረው ነው፤ ሰሌዳው ሰምቶ ይሆናል፣ እኛ አልሰማንም።»

ሳቅ ፈነዳ። ሃዊ ቀና አለች፤ እሷም እየሳቀች ነበር። «ልክ ነሽ፣ ዘልዬዋለሁ። ሌላስ?»

ከዚያ ግድቡ ተከፈተ። አንዷ ምሳሌው የበዛ ነው አለች፤ ሌላው የለም አነሰ ብሎ ተከራከራት። ሮብሳን ጭንቅላቱን እያከከ ተነሳ። «እንግዲህ ከተጀመረ... ቲቸር፣ አሁንም ይፈጥናሉ። ግን እውነት ለመናገር በመጀመሪያ እንደመጡ ጊዜ እኮ ድምፅዎም አይሰማ ነበር። እሱን ነግረንዎት አስተካክለዋል።»

ፍሮምሳ ከጎኑ ያለውን ሰው ሰረቅ አድርጎ አየ። ዘሩባቤል ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ ነበር፤ ጉልበቱን ረስቶታል። ትንሽ ቆይቶ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።

«እኔም አንድ ያልገባኝ አለ» አለ። «ማዳበሪያው ማሳው ላይ ካለ፣ አሲድነቱ ምን አድርጎት ነው ለእህሉ የማይደርሰው?»

ሃዊ ተነስታ፣ ወደ እነሱ ፊቷን መልሳ፣ ቀስ ብላ አስረዳችው።

አካዳሚክ ኮሚሽኑ ሲሰበሰብ ስለ ሃዊ የተናገረው ፍሮምሳ ሳይሆን ዲኑ ነበር። ክርክሩ ቀላል አልሆነም። አንድ ነባር መምህር፣ «እንግዲህ ተማሪ ፊት ለፊት ይዝለፈን ነው የምትሉት?» ብሎ ተቆጣ፤ እስከ ዛሬም አልተዋጠለትም። ግን ሃዊ በቋሚነት ተቀጠረች፤ ቅጹም ማንንም ማባረሪያ መሆኑ ቀረ። በየክፍሉ የሳምንቱ የመጨረሻ ትምህርት ሲያልቅ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ከተማሪዎቹ ጋር እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ የጥራት ቢሮውም የሚጠይቀው ምን ተባለ ብሎ ሳይሆን ከተባለው ምን ተስተካከለ ብሎ ሆነ። የቶሌራ አንደኝነት ተሰረዘ። ቶሌራ በስልክ፣ «ታምሜ ሳለሁ ዘውዴን ነጠቃችሁኝ» ብሎ በቀልድ አለቀሰባቸው።

ከስብሰባው ሲወጣ ሃዊ ፍሮምሳን በረንዳው ላይ አገኘችው። የሆነውን ሁሉ ሰምታለች፤ ምስጋናውን እንዴት እንደምትጀምረው ግን ጨንቋታል። እሱ ቀደማት።

«ያንን ከወንበሩ ላይ መቀመጡን፣ ‹ምኑ ጋ ነው ያጣችሁኝ› ማለቱን ከማን ተማርሽው?»

«ከአባቴ። ሸነን ውስጥ አስተማሪ ነው፤ ዘንድሮ ነው ጡረታ የሚወጣው። እሱ ደግሞ እትዬ ሸዋገነት ከሚላት አስተማሪው ነው ያየሁት ይላል።»

ፍሮምሳ የበረንዳውን ብረት ያዘ። ኦሊቃ! ከእሱ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ የተማረው፣ እሱ ለትምህርት ወደ አምቦ ሲሄድ መኪናው እስኪሰወር እጁን ሲያወዛውዝለት የነበረው ኦሊቃ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም። እሱ ያንን ወንበር ትቶ ሄዶ ቅጽ ሲያዘጋጅ ኖረ፤ ኦሊቃ እዚያው ቀርቶ ወንበሩን ጠበቀው።

«አባትሽን ሰላም በይልኝ» አለ። «ፍሮምሳ የሚባለው፣ ጠመኔ ይሰርቅ የነበረው በይው። ይገባዋል።»

ሃዊ እየሳቀች፣ «ገለቶማ፣ ኦቦ ፍሮምሳ» ብላ አመስግናው ሄደች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ የራሱ ተራ ደረሰ። የሒሳቡን ትምህርት ጨርሶ ጠመኔውን አስቀመጠ። እንደ እትዬ ሸዋገነት ሄዶ ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከአንድ ዝምተኛ ልጅ ጎን ተቀመጠ። በልቡ ምንም እንደማይገኝበት እርግጠኛ ነበር።

«እንግዲህ፣ ምኑ ጋ ነው ያጣችሁኝ?»

«ምንም ጋሼ!» አሉ ከፊት።

ፍሮምሳ ወደ ሰሌዳው ቀና አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ሰሌዳው ላይ ጉንዳን የሄደበት የሚመስል ነጭ ነገር ነበር። ቁጥር ይሁን ፊደል አይለይም።

«ይሄ... ከዚህ አይታይም እንዴ?» አለ ጎኑ ያለውን ልጅ።

ልጁ ጫማውን አየ። «አይታይም ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኛ የመጣነው ዘንድሮ ነው። ግን ቀድመውን የነበሩት ነግረውናል፤ የኦቦ ፍሮምሳ ክፍል ሲሆን ሮጣችሁ የፊቱን ያዙ ብለውናል።»

ፍሮምሳ ያንን ሁሉ ዓመት በበሩ ላይ ሲጋፉ፣ ደብተራቸውን እየወረወሩ ወንበር ሲይዙ ያያቸውን ልጆች አንድ በአንድ አሰበ። ሒሳብን ወድደው! መጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ተማሪዎቹ ይሳቁ አይሳቁ ግራ ገብቷቸው አዩት፤ ከዚያ አብረውት ሳቁ።

ተነስቶ ሄደ፤ ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጎ ጠረገ። የመጀመሪያውን እኩልታ ክንዱን ሙሉ ዘርግቶ፣ የቤት ግድግዳ ላይ እንደሚጽፍ ልጅ በትልቁ ጻፈው። ወደ መጨረሻው ረድፍ ዞረ።

«አሁንስ?»

ዝምተኛው ልጅ አንገቱን አስግጎ አየ፤ አመነታ፤ ከዚያ ቁርጡን ተናገረ።

«ትንሽ ተለቅ ይበል ጋሼ።»

ፍሮምሳ ጠረገና እንደገና ጻፈ።